ጋሼ ገብቷል ወይ?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ጠዋት የወጣ፦ ትልልቅ መንሳፈፊያ ጎማ አሥራ አንድ፣ የልጆች ጎማ ሃያ፣ ጃንጥላ ዘጠኝ። የተበሳ አንድ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የባሕሩ ዳር ባንዲራ አረንጓዴ፤ መግባት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለኪራይ ዕቃ ነው። ዘንድሮ ግን ከዕቃው ሌላ የምጽፈው በዛ። ለሰው ከማወራ እዚህ ባሰፍረው ይሻላል፤ ወሬ ገበያ ያበላሻል።

ጋሼ ዛሬ ውሃው ደረቱ ድረስ ገብቶ ከሱቄ ፊት ለፊት እስከ ጥቁሮቹ ድንጋዮች ተራምዶ ተመለሰ። ብቻውን። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አምና ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ወራት አልጋ ላይ የዋለ ሰው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ እኔንም በዚያው መሪ አሳድጎ፣ ዛሬ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ከዘራና የኔ ትከሻ ያስፈልገዋል። ውሃ ውስጥ ሲሆን ግን ውሃው ይሸከመዋል። እግሩን የምታለማምደው የሆስፒታሏ ልጅ፣ በየቀኑ ይግባ፣ ሌላ መድኃኒት የለኝም ብላኛለች። እሱም ላገኘው ሰው ሁሉ፣ «በየብስ ሦስት እግር አለኝ፣ አንዱም አይረባ። ባሕር ውስጥ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የኔ» ይላል።

በየማለዳው የእንጨት ወንበሩን ውሃው ዳር አቆምለታለሁ። ቢጫ ፎጣውን መደገፊያው ላይ ያንጠለጥልና ይገባል። ደንበኛው ሁሉ ለምዶታል። ከቤታቸው የሚደውሉ ሰዎች እንኳ ስለ ባንዲራው አይጠይቁም፤ «ጋሼ ገብቷል ወይ?» ነው የሚሉት። ገብቷል ካልኩ ልጆቻቸውን ይዘው ከተፍ ነው። ሽማግሌ፣ ያውም በሽተኛ፣ የማይሆን ውሃ ውስጥ አይገባም ብለው ነው። እንዲህ አስቡ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የወጣ፦ ምንም። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። በእረፍት ወር እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም።

ከሱቄ በስተግራ ባሕሩን የሚቀላቀለው ወንዝ ከተማውን መሐል ለመሐል አቋርጦ ነው የሚመጣው። ሌላ ጊዜ ልጆች የሚዘሉት፣ ጭራ የሚያህል ቀጭን ውሃ ነው። ዛሬ ቡና መስሎ፣ ፌስታልና ቅጠል እያግተለተለ ገባ። ሽታው ሱቅ ውስጥ ድረስ ይሰማል።

ባንዲራው አረንጓዴ። ነፍስ አዳኙን፣ ሁላችንም ፊሽካ የምንለውን፣ ለምን እንደማይቀይረው ጠየቅኩት። ከማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ስልክ ካልተደወለለት ባንዲራ አይነካም። «ባንዲራው የኔ ቢሆን ኖሮ ቤቴ እሰቅለው ነበር» አለኝ።

የውሃ ናሙና የምትወስደው ልጅ መጣች። የጠርሙሷ ልጅ እንላታለን። ቦቲዋን አድርጋ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቀዳችና ጠርሙሶቿን በረዶ ሣጥን ውስጥ ደረደረች።

«ዛሬ የቀዳሽውን ዛሬ ንገሪን እንግዲህ» አልኳት።

«ዛሬማ ምኑን አውቄ? ባክቴሪያው ሙቀት ውስጥ አድሮ ሲራባ ነው የሚቆጠረው። ውጤቱ ነገ ከሰዓት ነው።»

«ታዲያ ነገ የሚሰቀለው ባንዲራ የዛሬውን ውሃ ነው የሚናገረው?»

«እንደዚያ ነው» አለች። ልጅቷ አትዋሽም። ፊሽካ ከጀርባዋ ሆኖ፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የወጣ፦ ሁሉም። ጃንጥላ አልበቃ ብሎ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ተጠለለ።

ፀሐይ። ባሕሩ ረጋ ያለ። ባንዲራ አረንጓዴ። ጋሼ በጠዋት ገባ። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል፣ ትንሽ ይሸታል፤ ብዙ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሰው ፎጣውን እያጠፈ መሄድ ሲጀምር የፊሽካ ስልክ ጮኸና ቀዩን ሰቀለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

የወጣ፦ የለም። ቀይ ባንዲራ። ውሃው እንደ መስታወት፤ የእግሬን ጣት ቆሜ እቆጥራለሁ። ፊሽካ ማንም አይገባም ብሎ ጋሼንም ከለከለው። ትናንት የገባውን ሁሉ የፈቀደ ዛሬ ይከለክላል። ጋሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ወደ ቢሮው ስደውል ዋልኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉኝ ቆይተው አንድ ድምፁ የደከመው ሰው አገኘሁ። ላይኛው ሰፈር የፍሳሽ መግፊያ ሞተር አለ፤ ዝናብ ሲበዛ አይችለውም፤ ያን ጊዜ ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቁታል። ካልለቀቁት በየቤቱ መጸዳጃ ቤት ተመልሶ ይወጣል። ሞተሩ የሚቀየረው ዝናቡ ሲያበቃ ነው።

ስትለቁት ለምን አትነግሩንም አልኩ። «ማንን ነው የምንነግረው ወንድሜ? ዝናቡን እንደሆነ ሁሉም ያየዋል» አለኝ። የሚያናድደው ነገር ሰውዬው ክፉ አለመሆኑ ነው። እሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይኸንኑ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

እኔ፣ ፊሽካና አይስክሬም ሻጩ አካፋ ይዘን ወረድን። ሐሳቡ የኔ ነው። የወንዙን አፍ በአሸዋ ደፍነን፣ አዲስ ቦይ ቆፍረን፣ ከድንጋዮቹ ወዲያ ማዶ እንዲወጣ። ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። መዳፌ ተላጠ። ሲመሽ ውሃው በአዲሱ ቦይ ሲሄድ አይተን እንደ ልጅ ተጨባበጥን። ጋሼ ከወንበሩ ሆኖ፣ «መሐንዲሶቹ፣ ድልድዩስ መቼ ነው?» እያለ አሾፈብን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ሞገዱ አድሮ ቦያችንን ደፍኖታል። ወንዙ ወደ ድሮው አፉ እንኳ አልተመለሰም፤ ለሱቄ ይበልጥ ቀርቦ ወጣ። አይስክሬም ሻጩ አካፋውን ሳያነሳ ሄደ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

የወጣ፦ ትልልቅ ስምንት፣ የልጆች አሥራ ስድስት፣ ጃንጥላ ሰባት። አረንጓዴ።

ማታ ባለቤቴ የጋሼን እግር ስታጥብ ጠራችኝ። ግራ እግሩ ሥር፣ ከአውራ ጣቱ ወረድ ብሎ፣ ቁስል። ትንሽ ናት። ዛጎል ይሁን ጠርሙስ፣ መቼ እንደቆረጠው አያውቅም፤ ያ እግር አይሰማውም። ስኳርም አለበት። ጋሼ አጎንብሶ ለማየት ሞከረና፣ «የኔ እግር መሆኑን እርግጠኛ ናችሁ?» አለ።

ባለቤቴ አልሳቀችም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችኝ ኮሪደር ላይ አስቁማ። «እስኪድን ድረስ ባሕር የሚባል የለም። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ አጥባ አሸገችው፤ ውሃ እንዳይነካው አለች። የትኛው ውሃ አልኳት። የትኛውም አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

የወጣ፦ የልጆች ሦስት። አየሩ ጥሩ፣ አረንጓዴ፣ ውሃው ደህና።

ስልክ፦ ጋሼ ገብቷል ወይ? ዛሬ አርፏል አልኩ። እሺ፣ እንግዲያው ሌላ ቀን። ሌላ ስልክ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ጋሼ ቤት አልውልም ብሎ መጣ። ልብሱን እንደለበሰ፣ የታሸገ እግሩን ካልሲ አልብሶ፣ ውሃው ዳር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፎጣውን እንደ ልማዱ አንጠለጠለው። ፊቱን ግን ወደ ባሕሩ አላዞረም፤ ወደ ሱቁ ነው። የተሰቀሉትን ጎማዎች ሲያይ ዋለ።

ማታ በመንገድ ላይ ትከሻዬን ይዞ እየተራመደ፣ «ስንት ወጣ?» አለኝ።

አራት አልኩት። ሌላ ቁጥር ልነግረው እችል ነበር። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ትናንት ከምሽት እስከ ንጋት ዝናብ። ወንዙ ሞላ። የጠርሙሷ ልጅ ቀድታ ሄደች። ውጤት ነገ ከሰዓት።

ቁስሉ ደርቋል ማለት ይቻላል። ባለቤቴ አልደረቀም ትላለች። ሁለታችንም ያየነው አንድ ቁስል ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ጠዋት የወጣ፦ ምንም። ከረፋዱ በኋላ የወጣ፦ ሁሉም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ፀሐይ ነበር፣ አረንጓዴ ነበር። ሰው መጥቶ ነበር፤ ግን ልብሱን እንደለበሰ አሸዋው ላይ ቆሞ ይተያያል። ወንበሩ ውሃው ዳር፣ ጋሼ ወንበሩ ላይ። እኔ ከሱቁ ጀርባ የተበሳውን ጎማ ለጥፌ እየነፋሁ ነበር። ነፍቼ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከጎማ መለጠፊያዬ በተቆረጠ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮታል። ውሃው ወገቡ ደርሷል። ከዘራውን ከወንበሩ አስደግፎ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ የመንታዎቹን እናት ሰላም ይላታል። በየሳምንቱ የምትመጣ ደንበኛዬ ናት። መንታዎቿ ከኋላው ሮጠው ገቡ። ከዚያ ሁሉም።

ልጠራው እችል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታላቅ ወንድም ላይ አይጮህም። ደግሞ አንዴ ገብቷል፤ ቢወጣም ባይወጣም እግሩ ረጥቧል። ወዲያው ወረፋው ያዘኝ፤ ጎማ የሚጠይቀው፣ ጃንጥላ የሚጠይቀው። ቀና ስል ድንጋዮቹ ጋ ደርሷል። በሁለት እግሩ።

ከሰዓት በኋላ ቀዩ ተሰቀለ።

ሲወጣ ፌስታሉ ውሃ ሞልቶ ነበር። ለሚስትህ አትንገር አለኝ። አልነገርኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ቀይ። የወጣ የለም። ጋሼ ምሳ አልበላም፤ ሙቀት ነው አለ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ባለቤቴ ፋሻውን ፈታች። አሸዋ አገኘች። አሸዋውን በጣቷ ይዛ አየችኝ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ሆስፒታል አስገባነው። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ያወራል። በደም ሥር መድኃኒት ጀምረውለታል፤ ጠብቀን እናያለን አለ። ምን እንደምንጠብቅ ጠየቅኩት። እግሩ መድኃኒቱን ይቀበል እንደሆነ።

ሱቅ አልከፈትኩም። ዕቃውን ፊሽካ አስገባልኝ። ወንበሩን ረስቶታል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ዝናብ። ጠዋትና ማታ ሆስፒታል። ለጋሼ ሬዲዮ ወሰድኩለት። የመኪና መንገድ ወሬ ሲሰማ የትኛው መታጠፊያ እንደሚዘጋ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ነርሶቹ ወደውታል። እግሩን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል፤ ሽታው ግን አይሸፈንም። ያ የወንዙ ሽታ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያገናኘሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

የወጣ፦ ትልልቅ አሥራ ሦስት፣ የልጆች ሃያ ሁለት፣ ጃንጥላ ሁሉም።

መክፈት ነበረብኝ። የእረፍቱ ወር እያለቀ ነው፣ መድኃኒቱም ከውጭ ግዙ ተብለናል። ፀሐይ፣ አረንጓዴ።

ወንበሩ ውሃው ዳር እንደቆመ ነው፤ ፎጣውም ላዩ ላይ። ዝናቡ አርጥቦት ፀሐይ አድርቆት ደርቋል፣ እንደ ቆዳ። ላነሳው አስቤ ነበር። ስልክ ጠራ።

ጋሼ ገብቷል ወይ?

«ወንበሩ እዚያው ነው» አልኩ።

ይህን ማለቴ እውነት ነው። ወንበሩ እዚያው ነበር። ሌላውም ሲደውል ያንኑ አልኩ። የመጣው ሰው ወንበሩን፣ ፎጣውን ያያል፤ ድንጋዮቹ ጋ ይሆናል ይልና ይገባል። ማንም ቆሞ የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ፊሽካ አንዴ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ። አልነፋውም።

ከሰዓት በኋላ ቀይ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የመንታዎቹ እናት ጎማ ልትመልስ መጣች፤ ቅዳሜ ልጆቹ እያለቀሱ ይዘውት ሄደው ነበር። ብቻዋን ናት። ሴቷ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፣ ትኩሳት አላት። ዛሬ ሆስፒታል አስተኝተዋታል።

«እኛ እኮ የጋሼን ፎጣ አይተን ነው የገባነው» አለችኝ።

አልወቀሰችኝም። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው፣ ሰው ግራ ሲገባው ነገሩን ከመጀመሪያው እንደሚያወራው። ከዚያ ጋሼን ሰላም በልልኝ አለችኝ። መታመሙን ነገርኳት። መቼ ነው የታመመው አለች። ባለፈው ሳምንት አልኩ።

ወደ ወንበሩ ዞረች። ምሕረቱን ያውርድለት አለችና ሄደች። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ሳልሰቅለው ዋለ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

የጠርሙሷን ልጅ ለብቻዋ ያዝኳት። የመንታዋ ልጅ ሕመም፣ የጋሼ እግር፣ ከዚህ ውሃ ነው ወይ? ነው ካለች እቀበላለሁ። አይደለም ካለችም እቀበላለሁ።

«ነው ማለት አልችልም» አለች። «አይደለም ማለትም አልችልም። እኔ የማውቀው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነው።»

ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ማንም ባይገባ ጥሩ ነው፣ ጠርሙስም ባንዲራም ሳይጠበቅ፣ አለችኝ። ይህን ለማን ተናገርሽ አልኳት። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አለች። ማን ጠየቀሽ? «አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

እግሩ መድኃኒቱን አልተቀበለም። ከጉልበቱ በታች መቆረጥ አለበት፤ ከዘገየ ከጉልበቱ በላይ ይሆናል። ሐኪሙ ዛሬ ቶሎ ቶሎ አላወራም።

ጋሼ ሲነግሩት ጣሪያውን እያየ አዳመጠና፣ «ፍሬኑ የትኛው እግር ነው?» አለ። ነርሷ አልገባትም። ቀኙ ነው አልኩት። «እንግዲያው መንዳት አይቀርብኝም» አለና ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሜ ስንት ወጣ?» አለኝ።

የትኛው ቅዳሜ?

«እኔ የገባሁ ዕለት።»

ሁሉም ወጣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ እንዳለው ሰው።

«ሽታውን አውቄዋለሁ» አለ። «ገና ሳልገባ።»

«ታዲያ ምን አስገባህ ጋሼ?»

«ጎማዎቹን ተሰቅለው አየኋቸዋ። እኔ ከገባሁ እንደሚመጡ አንተም ታውቃለህ።»

በደም ሥሩ የሚገባውን የመድኃኒት ጠብታ አየሁ። አንድ ወረደ፣ ሌላው ተንጠለጠለ። አሳድጎኝ፣ ልጅ ሆኜ ያልገባኝን ነገር ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ከጀርባው አስቀምጦ እየነዳ የነገረኝ ሰው ነው። አላውቅም ብዬ ብመልስለት ያምነኝ ነበር። እንዲያምነኝ አልፈለግሁም። አውቃለሁ ማለትም አልሆነልኝም።

ስወጣ የመንታዎቹን እናት የልጆች ክፍል በር ላይ ቆማ አየኋት። በሌላኛው ደረጃ ወረድኩ። በዚያ በኩል ይቀርባል።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ተቆረጠ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 3

የወጣ፦ የልጆች አምስት፣ ጃንጥላ ሁለት።

ጋሼ ነቅቷል። ጣቶቼን ያሳክከኛል ይላል፤ የሌሉትን። ያ እግር ሳለ አይሰማውም ነበር።

የጠርሙሷ ልጅ መጥታ፣ የዓርቡ ውጤት በዚህ ወር ካየቻቸው ሁሉ ንጹሑ ነው አለችኝ። ዛሬም ባሕሩ ያምራል። አረንጓዴው ያለ ስህተት አረንጓዴ ነው። ማን ይግባበት? ባሕሩ ዳር ያ ወንበር፣ ያ ፎጣ። ሦስት ሰው ደወለ። ለሦስቱም፣ ጋሼ ሆስፒታል ነው፣ እግሩን አጥቷል አልኩ። ሁለቱ አዘኑ። ሦስተኛው፣ ውሃው ነው እንዴ? አለኝ። አላውቅም አልኩ። ይህም እውነት ነው፤ አላውቅም። የታመመችው መንታ ልጅ እንዴት እንደሆነች ግን ዛሬም ሳልጠይቅ መጣሁ።

ባለቤቴ ማታ የጋሼን ልብስ እያጣጠፈች፣ «ወንበሩ እስካሁን እዚያው ነው?» አለች።

አዎ አልኩ።

ሱሪውን አጣጥፋ ጨረሰች። «ከመኝታ ክፍላችን መስኮት አይታይም» አለች። «እኔ ግን አየዋለሁ።»

አሁን ጣሪያው ላይ ማንጠባጠብ ጀምሯል። እያካፋ ነው፤ ደመናው ከላይኛው ሰፈር በኩል ነው የመጣው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ይወጣ ይሆናል። ባንዲራውም አረንጓዴ ይሆናል።

ነገ፦ ለጋሼ ምላጭና ሁለት ንጹሕ አንሶላ። በልጆች ክፍል በኩል ማለፍ። ከሁሉ በፊት፣ ሰው ሳይመጣ ወንበሩን ከውሃው ዳር ማንሳት።